የእግዜር እንግዳ

በአገራችን መንገደኛ ፀሐይ ስትጠልቅበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ሲል፣ የቤቱም ጌታ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ሲመልስለት፣ በአንድ ልመናና በአንድ መልስ በምታልቅ በዚህች ንግግር ውስጥ ምን ያህል ጥልቅ ነገር ተጠቅልሎ እንደሚገኝ ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ጥቂት ነው። መንገደኛው ስሙን አልተናገረም፤ ዘሩን አልቈጠረም፤ ስለ ጠባዩ መልካምነት ምስክር አልጠራም፤ የሚከፍለው ዋጋም በእጁ የለም። የቤቱ ጌታ ደግሞ ጎጆውን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እህሉን በገዛ ላቡ አምርቶ ሳለ፣ በዚያች ሰዓት ቤቱ የራሱ አለመሆኑን በአፉ ይመሰክራል። እንግዲህ ለማኙም ተለማኙም «የእኔ» ማለትን ትተው፣ በማይታየው በእውነተኛው ባለቤት ፊት እኩል ሆነው ይቆማሉ ማለት ነው።

በግዕዝ ልሳን «ነገደ» ማለት ተጓዘ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ከአንዱ ግንድ «ነጋዲ»፣ «ነግድ» እና «እንግዳ» የሚሉት ቃላት ይበቅላሉ፤ ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣውም፣ ቅዱስ ቦታ ሊሳለም የሚጓዘውም፣ መሽቶበት ደጅ የሚጠራውም በአንድ ሥር የተያዙ ናቸው። ሦስቱም ወደ ሰው አገር ይመጣሉ፤ ዳሩ ግን ነጋዴው ሊለውጥ፣ ተሳላሚው ሊባረክ፣ እንግዳው ሊያድር ይመጣል። አራተኛም አለ፤ እርሱ ግን ከዚህ ሥር አይወለድም፤ ሊገዛ የሚመጣው ነው። ታዲያ የሃይማኖቱን ቃል ለመስበክ የትውልድ አገሩን ትቶ ወደ ሌላ ሕዝብ የሚሄድ ካህን ከእነዚህ ከአራቱ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ሳሰላስል ዘወትር ወደ ልቡናዬ የሚመጡት፣ በጥምቀት ስማቸው ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ፣ በእኛ ምድር በወጣላቸው ስም አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ቍጥር ያገባቻቸው ካህን ናቸው።

ስለ ልጅነታቸውና ስለ ወጣትነታቸው ብዙ አልናገርም፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። በ1800 ዓ.ም. ኦክቶበር 9 ቀን፣ ያን ጊዜ በናፖሊ መንግሥት ሥር በነበረው በባዚሊካታ አውራጃ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ መንደር፣ ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ሆነው ተወለዱ። በ1818 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ለገጠር ድሆች ስብከት ብሎ በ1625 ወደ መሠረተው፣ ላዛሪስት ተብሎ ወደሚጠራው ማኅበር ገቡ፤ በ1824 በብሪንዲዚ ከተማ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በፑልያ አገር እየዞሩ ገበሬውን ሲያስተምሩና ሲያናዝዙ ኖሩ፤ በ1836 ኮሌራ ናፖሊን በመታት ጊዜም ሕሙማንን ሲያገለግሉ ሰነበቱ። ሰው ሸሽቶ ከሚወጣበት ቤት እየገቡ ያገለገሉ ካህን፣ ሦስት ዓመት ቈይተው ደግሞ ማንም ወዳልጠራቸው አገር ተላኩ። የማኅበራቸው ካህን አባ ጁዜፔ ሳፔቶ በ1838 ወደ ዓድዋ ገብተው መንገዱን ከፍተው ነበርና፣ ሮማ በ1839 አባ ያዕቆብን የኢትዮጵያ ተልእኮ አለቃ አድርጋ ሾመቻቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማም በምፅዋ በኩል ወጥተው ዓድዋ ገቡ።

ይሁንና የደጁን መዘጋት ሳያስታውሱ ስለ እንግዳው መናገር ፍርድ ማጕደል ነው። ኢትዮጵያ ከሮማ የመጣ ካህንን ያወቀችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። በ1603 የገቡት ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ልሳን ተምረው፣ በትሕትና ተቀምጠው፣ ብዙ ሰው ወዷቸው ነበር፤ ከእርሳቸው ሞት በኋላ በ1625 የመጡት አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀውን ሕዝብ እንዳልተጠመቀ፣ የተካነውን ካህን እንዳልተካነ ቈጥረው፣ ጾሙንና በዓሉን፣ ሥርዐተ ቅዳሴውንም በአዲስ ሊተኩት ተነሡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በወይና ደጋ ሜዳ በሺህ የሚቈጠር ገበሬ ወደቀ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፓኤዝ በእንግድነት ያገኙትን ሜንዴዝ በባለቤትነት አጡት ብል፣ ታሪኩን ያሳጠርሁት እንጂ ያጣመምሁት አይመስለኝም። ያ ደም በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አልደረቀም ነበር፤ አባ ያዕቆብ ከመምጣታቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1838፣ በዓድዋ ይኖሩ የነበሩት ፕሮቴስታንት መምህራንም ተባረው ነበር። ስለዚህ በሩን የዘጋው ሰው ክፉ ነበር አልልም፤ አስቀድሞ ቤቱን የበረበረበት እንግዳ ያጋጠመው ባለቤት ቢጠረጥር ማን ይፈርድበታል?

አባ ያዕቆብ በዓድዋ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መስበክ አልነበረም፤ መማር ነበር። የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ምግብ እየበሉ፣ ግዕዙን፣ አማርኛውንና ትግርኛውን ለመማር ተቀመጡ። ይህ ነገር በታሪክ መጽሐፍ ሲነበብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የቅድስናቸው ሁሉ ቍልፍ ያለው በዚህ ይመስለኛልና።

አንድ ሰው ገንዘቡን ቢተው ድኻ ይባላል፤ አገሩን ቢተው ስደተኛ ይባላል፤ ልሳኑን ቢተው ግን ምን ይባላል? በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ፣ በአንደበቱ ብዙ ሕዝብ ያስለቀሰ ሰባኪ፣ በገዛ አገሩ ቋንቋ የኀዘንተኛውን ልብ እንዴት እንደሚነካ፣ ዕልኸኛውን እንዴት እንደሚያለዝብ የሚያውቅ መምህር፣ አንድ ቀን ተነሥቶ ከሕፃናት እኩል ፊደል ሲቈጥር፣ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ» ሲል፣ ቃሉ ሲሰበርበትና የሚሰሙት ሲስቁበት፣ ከሀብት ማጣት የሚበልጥ ማጣት ያጣል። ዕውቀቱ በውስጡ ሞልቶ ሳለ መውጫ በር የለውም፤ ጠቢብ ሆኖ ሳለ እንደ አላዋቂ ይታያል፤ ስለ ውኃና ስለ እንጀራ ለመጠየቅ እንኳ የሌላው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ሊቃውንታችን ስለ ሥጋዌ ሲያስተምሩ ቃል ሥጋ መሆኑን፣ የሁሉ ጌታ በሕፃንነት ዝም ብሎ መታዘሉን፣ ከእናቱ አንደበትም መናገርን መማሩን ያነሣሉ። በተልእኮ የሚሄድ ካህን ይህን ምሥጢር ሊያስተምረው የሚችለው አስቀድሞ በራሱ ላይ ሲፈጸም ብቻ ነው፤ መናገር ከመቻሉ በፊት ዲዳ፣ መምህር ከመሆኑ በፊት ተማሪ፣ ሰጪ ከመሆኑ በፊት ተቀባይ መሆን አለበት። አባ ያዕቆብ ይህን ሥርዐት እንደ ስልት ሳይሆን እንደ ጸሎት ፈጸሙት ብዬ አምናለሁ።

በ1840 ጃንዋሪ 26 ቀን በዓድዋ ለሰዎች በገሃድ በተናገሩ ጊዜም የመጀመሪያው ቃላቸው ክርክር አልነበረም። በዚያ ዘመን ሃይማኖት መከራከር የአገሩ ሊቃውንት የዕለት ሥራ ነበረ፤ ቅባትና ጸጋ፣ ተዋሕዶና ሦስት ልደት እየተባባሉ በጎንደርና በጎጃም፣ በሸዋና በትግራይ ጕባኤ ይተክሉ ነበርና፣ አንድ ባዕድ መምህር ሲመጣ ሁሉም የሚጠብቀው የጦር ሜዳው እስኪከፈት ነበር። እርሳቸው ግን ለሰሚዎቻቸው የነገሯቸው ስለ ፍቅራቸው ብለው መምጣታቸውንና ሕይወታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነርሱ መሆኗን ነው። ንግግሩ ቢያማልልም ማማለሉ ብቻ አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው ብዙ ነውና። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያች ዕለት በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ቃላቸውን አንድ በአንድ እንደ ዕዳ መክፈላቸው ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ክፍያ በመቅደሱ ውስጥ የሆነው ነው። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚላኩ ብዙ ካህናት የላቲንን ሥርዐት ከሃይማኖቱ ለይተው ማየት ይቸገሩ ነበር፤ አባ ያዕቆብ ግን የተቀበሏቸውን ሰዎች ከአባቶቻቸው ቅዳሴ ማፋታት አልወደዱም፤ ራሳቸውም በግዕዙ ሥርዐት ቀደሱ፤ ካህናትንም ከአገሩ ልጆች መርጠው በአገሩ ሥርዐት እንዲካኑ አደረጉ። ሰው ሊለውጣቸው ከሚችላቸው ነገሮች ሁሉ የጸሎቱን ልሳን መለወጥ እጅግ ይከብዳል፤ እናት ልጇን ስታስተኛ የምታዜመውና እርሱ ራሱ ሲሞት የሚያጕተመትመው ቃል በአንድ ልሳን ነውና። ካህን ሆኖ ለአሥራ አምስት ዓመት በአንድ ዜማና በአንድ ቃል መሥዋዕት ሲያቀርብ የኖረ ሰው፣ ያንን ቃል ትቶ በባዕድ ልሳን «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ማለት ሲጀምር፣ በእግዚአብሔር ፊት እንኳ እንግዳ ሆኖ መቆምን ይመርጣል። የእግዜር እንግዳ ማለት በእውነት ይኸው አይደለምን?

በ1841 የሆነው ነገር ግን ሌላ ፈተና ነበር፤ ስለ እርሱ ባሰብሁ ቍጥር ዝም እላለሁ። የሰሜንና የትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ፣ የጳጳሱ መንበር ለብዙ ዓመታት ባዶ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ከግብፅ ቀጥለው ሮማን እንዲያዩ ተስፋ አድርገው እሺ አሉ። ነገሩን ልብ እንበለው፤ የሚመጣው ጳጳስ ለእርሳቸው ወዳጅ እንደማይሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እንዲሁም ሆነ። በእስክንድርያው መንበር የተሾሙት ወጣቱ መነኵሴ እንድርያስ፣ አቡነ ሰላማ ተብለው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ያም ሰው በኋላ የአባ ያዕቆብን ደቀ መዛሙርት የሚያሳድዱ፣ እርሳቸውንም የሚያሳስሩ ሆኑ። መልእክተኞቹ ወደ ሮማ ሄደው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቆመዋል፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመዋል፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ቢሆንም ከዚህ ጉዞ በልቤ የሚቀረው፣ አንድ ሰው የነገ አሳዳጁን ለማምጣት በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ፣ አስተናጋጆቹ ስለ ለመኑት ብቻ፣ በረሓና ባሕር ማቋረጡ ነው። እንግዳ ቤተ ሰቡ ውኃ ሲቀዳ እንስራ ይሸከማል፤ ውኃው ለእርሱ ይሁን አይሁን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። እኔ በተዋሕዶ ሃይማኖት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም የእናቴን እምነት ትቼ ሌላውን ለማወደስ አይደለም። እንዲያውም በእኒህ ቅዱስ ሕይወት ውስጥ የሚያስቸግረኝን ነገር ብሸሽግ ሐሰተኛ እሆናለሁ። አባ ያዕቆብ የመጡት ለማደር ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ከሮማ መንበር ጋር አንድ እንዲሆኑ ሊያስረዱ፣ ሊመክሩ፣ ሊያሳምኑ ነበር። ታዲያ ሐሳብ ይዞ የመጣ እንግዳ እንግዳ ነውን? የቤቱን ሰዎች ሊለውጥ በልቡ እየፈለገ ማዕዳቸውን የሚቈርስ ሰው ንጹሕ ነውን? ለረጅም ጊዜ ይህ ጥያቄ እረፍት ነሥቶኝ ነበር። አሁን የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ እምነት ያለው ሰው እምነቱን ከደጅ ጥሎ ይግባ ማለት፣ ባዶ ሰው ብቻ እንግዳ ይሁን ማለት ነው፤ ባዶ ሰው ደግሞ ባለቤቱን አያከብረውም፤ አያስፈልገውምና። የእንግዳ ንጽሕና የሚታወቀው ሐሳብ ባለመያዙ አይደለም፤ የባለቤቱ «እምቢ» ሲመጣ በሚያደርገው ነው። ሊገዛ የመጣው ሰው እምቢ ሲባል በሩን ይሰብራል፤ ነጋዴው እምቢ ሲባል ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል፤ የእግዜር እንግዳ ግን ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ውርጩንም ይቀበላል። አባ ያዕቆብ ብዙ ጊዜ እምቢ ተባሉ፤ ጓላ ላይ ለካህናት ማሠልጠኛ ብለው ያቆሙት ትምህርት ቤት ሲፈርስባቸው፣ ደቀ መዛሙርታቸው ሲበተኑባቸው፣ ሕዝቡም ማደሪያ እንዳይሰጣቸው ሲከለከል፣ የሚወዱትን ሕዝብ ለመክሰስ የተናገሩት ክፉ ቃል በታሪካቸው ውስጥ አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ ጥርጣሬዬን የፈታልኝ ግን የጎጃሙ ሊቅ የአባ ገብረ ሚካኤል ነገር ነው። እኒህ ሰው በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተው፣ በመርጡለ ማርያም ተምረው የመነኰሱ ናቸው። የገዳማችን ሕይወት ለምን ደከመ ብለው መልሱን ከመጻሕፍት ሊፈልጉ ተነሥተው፣ በአንድ ዓይናቸው ብራና ሲመረምሩ ከገዳም ገዳም ዞሩ፤ ጎንደር ላይም ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። በ1841 ከውቤ መልእክተኞች ጋር የሄዱት ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ነበር፤ በመንገድ ላይ ግን አባ ያዕቆብን አዩ። አዩ ማለቴ ቃሉን መርጬ ነው፤ ሊቁ በክርክር የተረቱ አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ የባዕዱን ሰው ጾምና ጸሎት፣ ትዕግሥትና ርኅራኄ ተመለከቱ፤ ከተመለሱም በኋላ መጻሕፍትን መርምረው፣ ከሌሎቹም ሊቃውንት ጋር ተከራክረው፣ በ1844 ከአባ ያዕቆብ ጋር በሃይማኖት አንድ ሆኑ። ከዚያም ሁለቱ ተቀምጠው ለጓላ ተማሪዎች የሚሆን የግዕዝ መጽሐፍ በማዘጋጀት ተባበሩ። ያን ጊዜ መምህሩ ማን ነበር? በሥርዐቱ አባ ያዕቆብ ነበሩ፤ በግዕዙ ግን፣ በቅኔው ልማድና በአባቶች መጻሕፍት፣ ከሳን ፌሌ የመጡት ሰው በጎጃሙ መነኵሴ እግር ሥር ተማሪ ነበሩ። በ1849 መጀመሪያ፣ አባ ያዕቆብ ብዙ ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ፣ ጣልያናዊው ጳጳስ አባ ማሳያ በምፅዋ በሌሊት፣ በስውር፣ ጵጵስና ሾሟቸው፤ በ1851 ጃንዋሪ 1 ቀንም እርሳቸው በተራቸው፣ ስድሳ ዓመት የሆናቸውን ሊቅ ቅስና ሾሙ። እጅ የጫነውና እጅ የተጫነበት ሁለቱ እርስ በርሳቸው አንዱ የሌላው እንግዳ፣ አንዱ የሌላው ባለቤት ነበሩ።

በ1854 ሁለቱም በጎንደር ተያዙ። ደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ የተበታተነውን አገር በአንድ ዘውድና በአንድ ሃይማኖት ሊሰበስቡ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ነበር። አቡነ ያዕቆብ ለወራት ታስረው ወደ ሱዳን ወሰን እንዲባረሩ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በግርፋት ተሠቃይተው፣ በሞት ፍርድ ፊት ቆመው፣ ፍርዱም ወደ ዘላለም እስራት ተለውጦላቸው፣ በሰንሰለት ታስረው ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሲጐተቱ ከርመው በ1855 ኦገስት 28 ቀን በመንገድ ላይ ሞቱ። ስለ አቡነ ሰላማም በችኰላ መፍረድ አልወድም። እርሳቸውም ከግብፅ የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ መንጋውን እንዲጠብቁ ተሹመው፣ ተኵላ ነው ብለው ያሰቡትን አባረሩ። ነገር ግን ያሰሩበት ሰንሰለት ወደ ራሳቸው ዞሮ፣ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው፣ በ1867 በመቅደላ በእስር ቤት ዐረፉ። ሁለቱ ጳጳሳት፣ ከሁለት ባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ባዕዳን፣ በአንድ ምድር የእስርን ሥቃይ ቀመሱ፤ ምናልባት በዚያ በመቅደላ አምባ በአንዱ ሌሊት አቡነ ሰላማ ያን የጎንደር እስረኛ አስበውት ይሆን እያልሁ እጠይቃለሁ።

የተባረሩት እንግዳ ግን ከወሰኑ ተመልሰው ወደ ባሕሩ ዳር መጡ። ከዚያ በኋላ የቀረላቸው ዘመን በምፅዋ አቅራቢያ ባለችው በእምኩሉና በአካለ ጉዛይ ደጋ ላይ ባለችው በሐላይ መካከል ሲመላለሱ ያለፈ ነው። በአማርኛችን «ደጅ ጥናት» የሚባል ነገር አለ፤ ባለ ጉዳይ ከጌታው በር ላይ ለወራት፣ ለዓመታትም ተቀምጦ፣ ፊቱን የሚያይለት እስኪገኝ የሚቈይበት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአቡነ ያዕቆብ ሕይወት ይህን ይመስለኛል፤ ከአገሩ ውስጥ አልገቡም፤ ከአገሩም አልራቁም። በዚያ ዘመን የትግራዩ ንጉሤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ፣ የፈረንሳይንም እርዳታ ሲፈልጉ፣ የቅዱሱ ተስፋ ካቶሊካውያንን ወደሚታገሡት ወደ ንጉሤ ያዘነበለ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ እወቅሳቸዋለሁ፤ እንግዳ በቤተ ሰብ ጠብ ውስጥ ወገን መያዝ አይገባውምና። ቢሆንም የተሰደዱ ልጆች አባት የነበሩ ሰው፣ መጠጊያ የሰጣቸውን እጅ ለመያዝ መመኘታቸው፣ ከክፋት የመጣ ድካም አልነበረም።

በ1860 ጁላይ መጨረሻ ላይ፣ በትኵሳት እየነደዱ፣ ከእምኩሉ ወደ ሐላይ ለመውጣት ተነሡ። የጁላይን ቈላ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ የቀኑን እሳት ሲተፋ ያድራል። ደጋው በፊታቸው እየታየ፣ አሊጌዴ በሚባለው ሸለቆ ሲደርሱ ጕልበታቸው ከዳቸው። ደቀ መዛሙርታቸው ከበቧቸው፤ እርሳቸውም መከሯቸው፣ ተሰናበቷቸው፣ እንዲጸልዩላቸውም ለመኗቸው። ቤት አልነበረም፤ አልጋ አልነበረም፤ ደጅ ቆመው የሚጠሩት ባለቤትም አልነበረም። ራሳቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ ጁላይ 31 ቀን፣ በመንገድ ዳር ሞቱ። በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም አሳድሩኝ ማለት ሳያስፈልጋቸው ያደሩ ይመስለኛል።

ደቀ መዝሙራቸው የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የመምህራቸውን ታሪክ ጽፈው አቈዩልን። የሮማ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ በ1926 አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ አለቻቸው፤ መምህሩ አቡነ ያዕቆብ ግን ደቀ መዝሙራቸውን ተከትለው በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ኦክቶበር 26 ቀንም ቅዱስ ተባሉ። ሥጋቸውን የተሸከሙት ሰዎች ወደ ባሕሩ አልመለሱትም፤ ወደ ደጋው ወደ ሄቦ መንደር ወስደው ቀበሩት፤ መቃብራቸውም ዛሬ ድረስ በዚያው በሄቦ ነው።